ሽብርና ጉርብትና

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የሚያስፈራው ነገር ብዙ ነው። ረኀብ ያስፈራዋል፤ በሽታ ያስፈራዋል፤ ጦርነትም ያስፈራዋል። ነገር ግን እነዚህ በመጡበት ጊዜ ሰው ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል። የተራበ ከጎረቤቱ እህል ይበደራል፤ የታመመውን ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ያደርሱታል፤ ጠላት የመጣበት ሕዝብም አንድ ሆኖ ይመክታል። ሽብር ግን ከነዚህ ሁሉ የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሰውን ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ከጎረቤቱ እንዲሸሽ ማድረጉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመምህራኖቼ፣ ለወላጆቻችንና ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዚህ ዓመት የክርክር ማኅበራችን ያቀረበው ጥያቄ ነው። ጥያቄው፤ «ሽብር በተነሣበት ሀገር ከሕግና ከጸጥታ የትኛው ይቅደም?» የሚል ነበር። ጸጥታ ይቅደም ያሉት ጓደኞቻችን ብዙ ጭብጨባ አገኙ። ከነርሱም አንዱ፤ አሸባሪዎቹ ከታወቀ ወገን የሚነሡ ከሆነ ያንን ወገን በሙሉ መጠርጠርና ማሠር ምን ነውር አለው ብሎ ጠየቀ። ጭብጨባው በዚያን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ በረታ። በዚያው አዳራሽ ውስጥ ግን ያ የተባለው ወገን የወለዳቸው ጓደኞቻችንም ተቀምጠው ነበር። እነርሱ አላጨበጨቡም፤ መልስም አልሰጡም። እኔም በዚያ ቀን የመናገር ተራ ስላልነበረኝ አሳቤን አሁን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አስቀድመን «ሽብር» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንወስን። ጦርነት በሁለት ወገን በታጠቁ ሰዎች መካከል ይደረጋል። ወንበዴም ሰውን የሚገድለው ገንዘቡን ፈልጎ ነው። አሸባሪ ግን የሚገድለውን ሰው አያውቀውም፤ ከእርሱም የሚወስደው ነገር የለም። ዐይኑን የጣለው በሞተው ሰው ላይ ሳይሆን የሞቱን ወሬ በሚሰማው ሕዝብ ላይ ነው። ስለዚህ ሰው ሳይጠነቀቅ የሚሰበሰብበትን ቦታ ይመርጣል፤ ገበያን፣ ትምህርት ቤትን፣ አውቶቡስን፣ የጸሎት ቤትን። በአንድ ቀን ጥቂት ሰዎችን ገድሎ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብን ለብዙ ዓመት ማስፈራት፤ መንግሥትንም አስቈጥቶ የማይገባውን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ የሽብር ዋና ዓላማ ነው። እንግዲህ ሽብር አንድን ሀገር እንዴት እንደሚለውጥ ለማወቅ የሞቱትን መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ በሕይወት የቀሩት ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ እንድትሆነን ደቡባዊት ጎረቤታችንን ኬንያን መርጫለሁ። እኛም እርሷም ከሶማሊያ ጋር ረዥም ወሰን አለን፤ እኛም እርሷም ሶማሌዎች የሆኑ ብዙ ዜጎች አሉን፤ ሞያሌ የምትባለውም ከተማ ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የነርሱ ናት። ስለዚህ በእርሷ ላይ የደረሰው ለእኛ ትምህርት ሊሆነን ይገባል። የኬንያን ነገር ስናገር ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ የሀገራችንን አቈጣጠር በምጠቅስበት ጊዜ ግን ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።

ኦገስት 7 ቀን 1998 በናይሮቢ ከተማ በአሜሪካ ኤምባሲ አጠገብ በመኪና ላይ የተጫነ ቦምብ ፈነዳ። በዚያው ሰዓት ገደማ በታንዛኒያ በዳሬሰላም ከተማ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሌላ ቦምብ ፈነዳ። በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ሞቱ። ይህን ያደረገው አልቃይዳ የተባለው ድርጅት ጠቡ ከአሜሪካ ጋር እንደ ሆነ ይናገር ነበር፤ ነገር ግን በናይሮቢ ከሞቱት አሜሪካውያን 12 ብቻ ሲሆኑ የሚበዙት ለዕለት ሥራቸው የወጡ ኬንያውያን ነበሩ። ብዙ ሰዎችም ከታላቁ ፍንዳታ በፊት የተሰማውን ድምፅ ለማየት ወደ መስኮት ቀርበው ስለ ነበር፤ የመስኮቱ መስተዋት ተሰባብሮ ዐይናቸውን አጠፋው።

በ2011 ኦክቶበር የኬንያ ጦር አልሸባብን ለመውጋት ወደ ሶማሊያ ገባ። ከዚያ በኋላ አልሸባብ በኬንያ ላይ የሚያደርሰው ጥቃት በረታ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 አራት ታጣቂዎች ዌስትጌት በተባለው የናይሮቢ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ገብተው 67 ሰዎች ገደሉ፤ ነገሩም እስኪያበቃ አራት ቀን ፈጀ። ኖቬምበር 22 ቀን 2014 ከማንዴራ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ አውቶቡስ በመንገድ ላይ ተይዞ ሙስሊም ያልሆኑት ተሳፋሪዎች ተለይተው 28 ሰዎች ተገደሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደ ዘመዶቻቸው ይሄዱ የነበሩ መምህራን ናቸው። ጥቂት ቀናት ቈይቶ በዲሴምበር 2 በዚያው በማንዴራ አጠገብ 36 የድንጋይ ካባ ሠራተኞች እንዲሁ ተገደሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በጋሪሳ የሆነው ነው። ጋሪሳ በጣና ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ ጣና ስል የእኛን ሐይቅ ማለቴ አይደለም፤ ኬንያም በዚህ ስም የሚጠራ ወንዝ አላት። በዚያች ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከኬንያ ልዩ ልዩ ክፍል የመጡ ልጆች ይማሩ ነበር። ኤፕሪል 2 ቀን 2015 ንጋት ላይ አራት ታጣቂዎች ገቡ። ተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በመኝታቸው፣ አንዳንዶቹም በማለዳ ጸሎት ላይ ነበሩ። ገዳዮቹ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ እየለዩ ተኰሱ። ነገሩ ሲያበቃ 148 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ከነዚህም ውስጥ 142ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ይህ ቍጥር በእኛ ትምህርት ቤት ቢሆን ስንት የመማሪያ ክፍል ባዶ እንደሚሆን እያንዳንዳችን በአሳባችን እናስላው።

አሁን ይህ ሁሉ በሕዝቡ ኑሮ ላይ ምን ለውጥ እንዳመጣ እንመልከት። የመጀመሪያው ለውጥ ፍርሃት ነው። አበው፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ጋሪሳ ከተጠቃች ከ10 ቀን በኋላ፤ ኤፕሪል 12 ቀን 2015፤ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በኪኩዩ ቅጥር ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ፈነዳ። ተማሪዎቹ አሸባሪ የመጣ መስሏቸው በሌሊት ከፎቅ እየዘለሉ፣ እርስ በርሳቸውም እየተረጋገጡ ሸሹ። አንድ ተማሪ ሞተ፤ ከመቶ የሚበልጡ ቈሰሉ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ ስትራዝሞር በተባለው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ ተብሎ የሽብር ጥቃት የሚመስል ነገር ቢደረግ፤ እውነት የመሰላቸው ሰዎች ከመስኮት ዘለሉ፤ አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛም ሞተች። በነዚህ ሁለት ቀናት ምንም አሸባሪ አልነበረም። ከሩቅ የተተከለው ፍርሃት ብቻውን ሰው ገደለ።

ሁለተኛው ለውጥ በትምህርት ላይ የደረሰው ነው። የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል በቂ መምህራን ስለሌለው ከሌላው የሀገሪቱ ክፍል የመጡ መምህራን ያስተምሩበት ነበር። እነርሱ መገደል በጀመሩ ጊዜ የቀሩት እንዲዛወሩ ለመኑ። በ2020 ጃንዩዌሪ በጋሪሳ አውራጃ ካሙቴ በተባለ ቦታ ሦስት መምህራን ከተገደሉ በኋላ፤ መንግሥት የሌላ አካባቢ ተወላጅ የሆኑትን መምህራን ከዚያ አገር አነሣ። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ያለ መምህር ቀሩ። እንግዲህ የዚያ አገር የሶማሌ ልጅ ምን አጠፋ? ጥፋት የሌለበት ሳለ መምህሩን አጣ፤ መምህር ያጣ ልጅም ነገ የሚያባብለው ክፉ ሰው ቢመጣ በምን ዕውቀት ይመልሰዋል? አሸባሪ መምህርን የሚገድለው አንዱን ሰው ለመግደል ብቻ አይደለም፤ ያንን አገር ከሌላው ሀገር ለመለየት ነው።

ሦስተኛው ለውጥ፤ ከሁሉም የሚከፋው፤ ሰው ሰውን በስሙና በመልኩ መፍራቱ ነው። ገዳዮቹ በአውቶቡስና በኮሌጅ ውስጥ ሰውን በሃይማኖት የለዩት በከንቱ አይደለም። የገደሏቸውን ብቻ ሳይሆን ያልገደሏቸውንም ጐድተዋል። የተረፈው ሙስሊም «አንተን ለምን ተዉህ?» እየተባለ እንዲጠየቅ፤ ክርስቲያኑም ጎረቤቱን ባየ ቍጥር የሞቱትን እንዲያስብ ፈለጉ። ይህ ጥርጣሬ ከጥይት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የጸጥታው ነገር ይመጣል። መንግሥት ሕዝቡን ለመጠበቅ የሚያደርገውን ጥንቃቄ የሚነቅፍ አስተዋይ ሰው የለም። በገበያ አዳራሽና በሲኒማ በር ላይ ፍተሻ ቢደረግ ደግ ነው። እኛም በአዲስ አበባ በብዙ በሮች ላይ እጃችንን አንሥተን እንፈተሻለን፤ በዚህም የሚያፍር የለም፤ ሚኒስትሩም ሊስትሮውም በአንድ ዐይነት ይፈተሻሉና። የፖሊስም ትምህርትና ቅልጥፍና ሕይወትን ያድናል። ጃንዩዌሪ 15 ቀን 2019 በናይሮቢ ዱሲት በተባለው ሆቴል ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜ 21 ሰዎች ሞቱ፤ ነገር ግን የጸጥታ ኃይሎች ከዌስትጌት ጊዜ ይልቅ ፈጥነውና ተባብረው ስለ ሠሩ፤ ከ700 የሚበልጡ ሰዎች በሕይወት ወጡ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

ነገር ግን ሌላም ዐይነት የጸጥታ ሥራ አለ። በ2014 መጀመሪያ ላይ በናይሮቢና በሞምባሳ አጠገብ ቦምብና ተኩስ ሰው ከገደለ በኋላ፤ በኤፕሪል ወር ፖሊስ ኢስሊ በተባለው የናይሮቢ ሠፈር ላይ ዘመቻ አደረገ። ኢስሊ ሶማሌዎች የሚበዙበት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የሚኖሩበት የንግድ ሠፈር ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከየቤታቸው ተያዙ፤ ብዙዎቹም በካሳራኒ የስፖርት ሜዳ ውስጥ ተጠብቀው ማንነታቸው ተመረመረ። በመቶ የሚቈጠሩት ወደ ሶማሊያ ተላኩ። የፖሊስን ሥራ እንዲቈጣጠር በሕግ የተቋቋመው የኬንያ መሥሪያ ቤት ነገሩን መርምሮ ጉቦና የመብት መጣስ እንደ ነበረበት ገለጸ። ጉቦ የሚከፍል ማን ነው? ገንዘብ ያለው ነው። እውነተኛው አሸባሪ ገንዘብ ቢኖረው ይወጣል፤ ድኻው ስደተኛ ይታሠራል። «በደረቁ ዳፋ እርጥቡ ነደደ» ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ያ ዘመቻ ሽብርን አቆመው ወይ? አላቆመውም። የማንዴራው አውቶቡስ የተያዘው ከዘመቻው ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ ጋሪሳም የተጠቃችው በዓመቱ ነው። ከጋሪሳ አጥቂዎች አንዱ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ትምህርት የተመረቀ ወጣት ነበር። አባቱ በማንዴራ አውራጃ የመንግሥት ሹም ሲሆን፤ ልጁ በጠፋበት ጊዜ ወደ ሶማሊያ ሳይሄድ አልቀረም ብሎ ሰግቶ አስቀድሞ ለመንግሥት አስታውቆ ነበር። ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ነገር ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስለ ልጁ ከአባቱ የበለጠ የሚያውቅ ሰላይ የለም። አባት ልጁን ለመንግሥት የሚያስታውቀው ደግሞ መንግሥት እርሱንና ወገኑን በሙሉ እንደ ጠላት እንደማይቈጥር ሲያምን ነው። በእኩለ ሌሊት በሩ የተሰበረበት፣ ወንድሙ በስፖርት ሜዳ የታጐረበት ሰው ነገ አንድ ነገር ቢሰማ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳልን? እኔ አይመስለኝም። ስለዚህ አንድን ወገን በሙሉ መጠርጠር ግፍ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ጆሮ መድፈን ነው።

ደግሞም በወገን የሚጠረጥር ሰው እውነተኛውን ጠላት ያልፈዋል። በዱሲት ሆቴል ላይ ጥቃቱን ካደረሱት አንዱ ሶማሌ አልነበረም፤ የኬንያ ወታደር ልጅ ነበር። ፖሊስ በኢስሊ መንገድ ላይ መልክ እየመረጠ ቢያቆም፤ ይህን ልጅ እጅ ነሥቶ ያሳልፈው ነበር።

ሽብር ፖለቲካንም ይለውጣል። ከማንዴራ ግድያዎች በኋላ በዲሴምበር 2014 የአገር ግዛቱ ሚኒስትር ተነሡ፤ የፖሊሱም አዛዥ ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ወር መንግሥት ብዙ የጸጥታ ሕጎችን በአንድ ጊዜ የሚያሻሽል ሕግ ለፓርላማ አቀረበ። በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የሕዝብ እንደራሴዎች እስከ መደባደብ ደረሱ፤ ሕጉ ግን በዚያው ቀን ጸደቀ። በሕጉ ውስጥ ጋዜጦች ስለ ሽብር የሚጽፉትን የሚገድብና በኬንያ የሚኖሩት ስደተኞች ከ150,000 እንዳይበልጡ የሚወስን ክፍል ነበረበት። ሕዝብ በፈራ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ በቀላሉ ያልፋል፤ የፈራ ሰው ውሉን ሳያነብ ይፈርማልና።

ይሁን እንጂ ኬንያውያንን የማደንቅበት አንድ ነገር አለ። ነገሩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበና በፌብሩዌሪ 2015 አምስት ዳኞች ተቀምጠው ከሕጉ ስምንት ክፍሎችን ሻሩ፤ የጋዜጣውና የስደተኞቹም ክፍል በነዚህ ውስጥ ነበረ። ከጋሪሳ በኋላም መንግሥት ከ1991 ጀምሮ የነበረውን የዳዳብን የስደተኞች ሠፈር እዘጋለሁ ባለ ጊዜ፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ ይህ ሶማሌ ስደተኞችን ለይቶ የሚያጠቃ ነው ብሎ ከለከለ። ደግሞ በ2019 ለጋሪሳው ጥቃት ተባብረዋል ተብለው ከቀረቡት ሰዎች መካከል ሦስቱን ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ናቸው ሲል፤ ማስረጃ ያልተገኘበትን ተከሳሽ ግን በነጻ አሰናበተ። 148 ሰው በሞተበት ነገር፤ ያን ሁሉ ኀዘን የተሸከመ ሕዝብ ዐይኑን አፍጥጦ እያየ፤ «ይህኛው አጥፍቷል፤ ይህኛው አላጠፋም» ብሎ መለየት ትልቅ ልብ ይጠይቃል። አሸባሪ ሰውን የሚለየው በሃይማኖቱና በዘሩ ነው፤ ዳኛ ግን ሰውን የሚለየው በሥራው ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሀገርና በዱር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አሁን የዚህን ጽሑፍ ዋና ምስክር ላቅርብ። ዲሴምበር 21 ቀን 2015 በማንዴራ አውራጃ እንደ ገና አንድ አውቶቡስ በአልሸባብ ታጣቂዎች ተያዘ። እንደ ልማዳቸው ሙስሊሞቹና ክርስቲያኖቹ እንዲለዩ አዘዙ። ተሳፋሪዎቹ ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን ያውቁ ነበር፤ ቢለዩ ክርስቲያኖቹ እንደሚሞቱ፤ ሙስሊሞቹ ግን ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ ያውቁ ነበር። ሙስሊሞቹ አንለይም አሉ። ሴቶቹ ለክርስቲያን ሴቶች መሸፈኛቸውን አካፈሉ፤ ሌሎቹም፤ ከገደላችሁ ሁላችንንም ግደሉ፤ አለዚያ ተዉን ብለው መለሱ። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ተገደሉ፤ የቀሩት ግን ተረፉ። ከተቃወሙት አንዱ ሳላህ ፋራህ የተባለ ሙስሊም መምህር ነበር። እርሱ በዚያ በጥይት ቈስሎ በጃንዩዌሪ 2016 በሕክምና ላይ ሳለ ሞተ። መንግሥቱም ከሞተ በኋላ የክብር ኒሻን ሰጠው።

እስቲ ይህን ሰው ከካሳራኒው ዘመቻ ጋር እናስተያየው። በዚያ ዘመቻ መንገድ ላይ ቢገኝ ኖሮ፤ ይህ ሶማሌ፣ ይህ ሙስሊም፤ ከሚያዙት አንዱ በሆነ ነበር። እርሱ ግን ብዙ ወታደር በአንድ መንገድ ላይ ሊያደርገው ያልቻለውን ሥራ ያለ ጠበንጃ ሠራ። የአሸባሪው መሣሪያ መለየት ነው ብያለሁ፤ አንለይም ያለ ሕዝብ ያንን መሣሪያ ከእጁ ይነጥቀዋል።

እኛስ? ነገሩ ከሀገራችንም የራቀ አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ቡድናችን ከናይጄሪያ ጋር በአዲስ አበባ በተጫወተበት ቀን፤ በቦሌ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያዘጋጁት የነበረው ቦምብ ፈንድቶ ገደላቸው። ኳስ ሊያይ በወጣው ሕዝብ ላይ ሊጥሉት አስበው እንደ ነበር መንግሥት አስታወቀ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአልሸባብ ታጣቂዎች ወሰን አልፈው ወደ ሶማሌ ክልል በገቡ ጊዜ፤ ፊት ለፊት ቆመው የተዋጓቸው የዚያው ክልል ልዩ ኃይል ልጆች ነበሩ። ለእኛ የሞቱልን ሶማሌዎች ናቸው። ይህን እያወቀ በክፍሉ ያለውን የሶማሌ ልጅ በስሙ የሚጠረጥር ተማሪ ካለ፤ ውለታን የማያውቅ ሰው ነው።

በሕግም በኩል የራሳችን ትምህርት አለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሀገርን ከሽብር ለመጠበቅ የተባለ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጋዜጠኞችና የፖለቲካ ሰዎች ተከሰውበት ታሠሩ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት ቀርበው እስረኛን ማሠቃየት የመንግሥት ራሱ የሽብር ሥራ እንደ ነበረ ተናገሩ። አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። «አሸባሪ» የሚለው ቃል ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ለታመመው ሲሰጥ ያድናል፤ ያለ ልክ ሲሰጥ ጤነኛውን ይገድላል። ደግሞ ይህን ስም ለማንም ለማይስማማን ሰው የሰጠን እንደ ሆነ፤ እውነተኛው አሸባሪ በመጣ ጊዜ የምንጠራበት ስም እናጣለን።

ጸጥታ ይቅደም የሚሉት ጓደኞቼ፤ ሕግ ዘገምተኛ ነው፤ ሽብር ፈጣን ነው፤ ቤትህ ሲቃጠል ውሃው የማን እንደ ሆነ አትጠይቅም ይሉኛል። ልጁ የሞተበት አባት ይህን ቢናገር አልፈርድበትም፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ይሆናል። ነገር ግን መንግሥት እንደ አንድ ሐዘንተኛ ሊቈጣ አይገባውም። ደግሞ ምሳሌው ልክ አይደለም። አንድን ወገን በሙሉ ማሠር በእሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ ሳይሆን፤ እሳቱ ያልደረሰበትን ቤት ማፍረስ ነው። ሕግና ጸጥታ እንደ ሁለት ተፎካካሪዎች ይቅደም አይቅደም የሚባሉ አይደሉም። ጥፋተኛውን ለይቶ የሚይዝ ሕግ ራሱ ጸጥታ ነው፤ ሕዝብን ሁሉ የሚያስኰርፍ ጸጥታ ግን ጸጥታ አይደለም፤ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ በቡና ሰዓት ስለ ሌላው ወገን የሚወራውን ክፉ ወሬ በልጆቻችሁ ፊት አታሳልፉት፤ «ይህን ያደረገው ማን ነው? ስሙ ማን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥፋት ሁልጊዜ የአንድ ሰው ስም አላትና። መምህራኖቻችን ሆይ፤ የጎረቤቶቻችንን ታሪክ ከሩቁ ዓለም ታሪክ እኩል አስተምሩን፤ ጋሪሳ ከእኛ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ይልቅ ትቀርባለች። እኛም ተማሪዎች አጠራጣሪ ነገር ባየን ጊዜ ለሚመለከተው እንናገር፤ ነገር ግን የምንናገረው ስላየነው ሥራ ይሁን እንጂ ስለ ሰው መልክ ወይም ቋንቋ አይሁን።

የጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ጃንዩዌሪ እንደ ገና ተከፈተ። በዚያ ግቢ ውስጥ ዛሬም የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ። ለሞቱት ተማሪዎች ከዚህ የሚበልጥ ሐውልት የለም፤ ለገዳዮቻቸውም ከዚህ የሚመር መልስ የለም። ሽብር በማንኛውም ሀገር ላይ በመጣ ጊዜ ለሕዝቡ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እናንተ ትለያያላችሁ ወይስ አትለያዩም?» የሚል ነው። መልሱን በዚያ ቀን ለመፈለግ ጊዜ አይገኝምና፤ በሰላሙ ዘመን፤ በየወንበራችንና በየሠፈራችን፤ ከወዲሁ አዘጋጅተን እንጠብቅ።